የተደበቁብኝ አራት ጅማቶች

የካቲት 19፣ ረቡዕ

ማረፊያ ናቸው ይለኛል እንዴ! አስር ጅማት የተወጠረበት በገና ይዞ ስድስቱን ብቻ አሳይቶኝ አራቱን "አይነኩም፣ የጣት ማረፊያ ናቸው" ብሎ ዝም። ማረፊያ ከሆኑ ለምን ተወጠሩ? ለጌጥ ነው? እኔ አስር በግ አርጄ የስድስቱን ሥጋ ብቻ ባስረክብ፣ አራቱ ማረፊያ ናቸው ብል፣ ጋሽ አየለ ከሥጋ ቤቱ በእርግጫ ነው የሚያስወጣኝ።

ጋሽ ፍቅረማርያምን ነው የምለው፣ የበገና አስተማሪዬን። ፊት ለፊት እርስዎ ነው የምለው። እዚህ ደብተር ላይ ግን እሱ ነው፣ በቃ። ደብተሩን የሰጠኝ ራሱ ነው፤ "በየቀኑ የተማርከውን ጻፍበት፣ የጣቱን ቁጥር ጻፍበት" ብሎ። ይኸው ጻፍኩ፦ አንድ፣ ሦስት፣ አራት፣ ስድስት፣ ስምንት፣ አስር። እነዚህ ይደረደራሉ። ሁለት፣ አምስት፣ ሰባት፣ ዘጠኝ አይነኩም። ትምህርት ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት እንጂ እስከ አስር መቁጠር አላቃተኝም።

እኔ ደግፌ ነኝ። ቤቴል መጥተህ ደጌ ሥጋ ቆራጩ ብለህ ጠይቅ፣ ውሻ ሳይቀር ቤቴን ያሳይሃል። አንድ በግ በሰባት ደቂቃ ነው የምገፍፈው። ቆዳው ላይ አንዲት ቀዳዳ ካገኘህ ምሳ በኔ ነው። አሁን ሁዳዴ ገብቶ ሥጋ ቤቱ ስለተዘጋ ነው እንጂ እንዲህ ቁጭ ብዬ የምጽፍ ሰው አይደለሁም።

ውላችን ቀላል ነበር። የበገና ጅማት የሚሠራው ከበግ አንጀት ነው። እኔ ቅበላ ሰሞን የሰባት በግ ቀጭን አንጀት ሰብስቤ አመጣሁለት፣ እሱ ደግሞ ያስተምረኛል። መጋቢት 27 የመድኃኔዓለም ማኅበር ተራው የእማዬ ነው። ቅበላ ለት ሥጋ ቤት ሙሉ ሰው ባለበት "የእማዬ ማኅበር ላይ በገና እደረድራለሁ" ብያለሁ። አብሮኝ የሚሠራው ግሩም "አንተ? ከቢላ ሌላ ምን ይዘህ ታውቃለህ?" ብሎ ሰው ሁሉ ሳቀ። ሠላሳ ስምንት ቀን ቀርቶኛል።

እና አንጀቴን ወስዶ አራት ጅማት ይደብቅብኛል? እኔ ነቄ ነኝ።

የካቲት 22፣ ቅዳሜ

ዛሬ አንጀቱን ስንፍቅና ስናከርር ዋልን። ስናከርር አልኩ? ሳከርር። እሱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ግራ እጁን ጋቢው ውስጥ ሸጉጦ ማዘዝ ብቻ። "ቀስ በል። እንደ ፀጉር አቅጥነው። ያንተ እጅ ጅማት ያውቃል፣ ከማንም ተማሪ ይልቅ ያንተ እጅ ያውቃል።" ውዳሴ መሆኑ ነው። ሰውን በነፃ ማሠራት የፈለገ ሁሉ እንዲህ ነው የሚጀምረው።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ሻይ ሊቀዳልን ማንቆርቆሪያውን ከምድጃው ላይ በግራ እጁ አነሳ። የማንቆርቆሪያው እጀታ ላስቲኩ ወልቆ ብረቱ ብቻ የቀረ ነው፣ ሁላችንም በጨርቅ ነው የምንይዘው። እሱ በባዶ እጁ ጨብጦ፣ ሳይቸኩል፣ ሦስት ብርጭቆ ሞላ። ፊቱ ንቅንቅ አላለም። እኔን ግን ሸተተኝ። የበግ ጭንቅላት እሳት ላይ ሲለበለብ ያለውን ሽታ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ሜሪ "ጋሼ!" ብላ ጮኸች። ሜሪ ሌላዋ ተማሪው ናት፣ ፋርማሲ ነው የምትሠራው፣ በገና ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነው። እሱ "ምንም አይደል፣ ምንም አይደል" ብሎ እጁን ጋቢው ውስጥ ከተተ።

ጉራ ነው! በኔ ላይ ጉራ! ቤት ገብቼ የእማዬን ማንቆርቆሪያ ሞከርኩት። ለቀቅኩት። እግሬም ተቃጠለ። የሆነ ነገር ይቀባል ሰውዬው።

የካቲት 25፣ ማክሰኞ

ትምህርት የለም። "ማክሰኞ ማክሰኞ ጉዳይ አለኝ።" የምን ጉዳይ? ጡረታ የወጣ ሰው የምን ጉዳይ አለው?

የካቲት 28፣ ዓርብ

ዛሬ ቀድሜ ደረስኩ። በሩ ገርበብ ብሎ ሜሪና እሱ ያወራሉ። እኔ ሰው ቤት በር ላይ ቆሜ የማዳምጥ ሰው አይደለሁም፣ ጫማዬን እያሰርኩ ነው።

"ለመቼ ነው የሚያስቡት?" አለች ሜሪ።

"ለፋሲካ። እስከዚያ ልጁ ዜማውን ከያዘው ያዘው። ካልያዘው አለቀ። ከዚያ ወዲያ ማሳየት አልችልም።"

"ታዲያ ለምን አይነግሩትም?"

"የሱን ምላስ አታውቂውም? በአንድ ቀን ከቤቴል እስከ ዓለም ባንክ ሰፈር ያዳርሰዋል።"

ምላስ! እኔ! ምስጢር እንደኔ የሚጠብቅ ሰው ሰፈሩ ውስጥ የለም። ወዲያው ሄጄ ለግሩም ነገርኩት። ግሩምም "ይሄ ሰውዬ የሆነ ነገር አለው" አለኝ። አየህ? እኔ ብቻ አይደለሁም።

ዜማው የሚሉት እሱ ከየኔታው የተማረው ነው። አራት ስንኝ አለው፣ የትም አልተቀረጸም፣ ሌላ ሰው አያውቀውም ይላል። እኔ የመጀመሪያዋን ስንኝ ይዣለሁ፦

ምን ይዤ ልግባልህ፣ ደጅህ ሲከፈት፣
እጄ ባዶ ሆኖ፣ አፌ ሞልቶበት።

ይቺን ሳዜም ሜሪ ለምን እንደምትስቅ አላውቅም።

መጋቢት 3፣ ረቡዕ

ተያዘ! ግሩም ስልኩ ላይ አንድ ሽማግሌ አሳየኝ። በመግረፊያ፣ አስሩንም ጅማት፣ ከላይ እስከታች እየገረፈ ይደረድራል። አስሩንም! ስልኩን ይዤ እየሮጥኩ ሄድኩ።

"ጋሼ፣ ይሄ ምንድነው?"

አየው። ፈገግ አለ። "ይሄ በመግረፊያ ነው፣ ሌላ ሙያ ነው። እኛ በጣት ነው የምንደረድረው። ጣት ጅማቱን ከመታ በኋላ ቀጥሎ ያለው ላይ ያርፋል። ማረፊያ የሌለው ጣት ይባዝናል።"

"እሺ እርስዎ ይደርድሩልኝ፣ ልይ።"

ጋቢውን ግራ እጁ ላይ ሳበው።

"አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጋሼ።"

"በአፌ እነግርሃለሁ" አለኝ። "አንተ ምታ፣ እኔ እሰማለሁ።"

ቢላ የማይዝ ሥጋ ቆራጭ አይተህ ታውቃለህ? እሱን አሳይሃለሁ። ተማሪ ሆኜ ሲደረድር አንድ ቀን አላየሁትም። ግራ እጁን ከጋቢ አያወጣም። በገና ደግሞ በግራ እጅ ነው የሚመታው። ጣቱን አይቼ እንዳልሰርቀው ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?

በዚያ ላይ የሰጠኝን በገና ተመልከት። ቤት ወስደህ ተለማመድበት ብሎ አሮጌውን ሰጠኝ። ምሰሶው በእጅ ብዛት ጠቁሯል፣ አውራ ጣት የሚገባበት ቦታ ላይ ጎድጓዳ ሠርቷል። አዲሱና የሚያብረቀርቀው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ለኔ አሮጌ!

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

ተከተልኩት። አያሳፍረኝም።

ጠዋት አዲሱን በገና ማዳበሪያ ውስጥ ጠቅልሎ ትከሻው ላይ አድርጎ ወጣ። እኔ ኮፍያ አድርጌ ከኋላ። ቤቴል ፌርማታ ላይ ታክሲ ያዘ፣ እኔ የሚቀጥለውን ያዝኩ። አየር ጤና ወርዶ ሌላ ያዘ። ረዳቱን "ያቺን ሚኒባስ እንዳትለቃት" አልኩት። "ፊልም ነው እንዴ?" አለኝ፣ ቀሽም። ዘነበወርቅ ወረደ፣ ወረድኩ።

ሐኪም ቤቱ በር ገባ። ዘበኛው ሳይፈትሸው "እንደምን አደሩ ጋሽ ፍቅረማርያም" አለው። በስሙ! ለምደውታል ማለት ነው። እኔም ጠያቂ ነኝ ብዬ ገባሁ። ወደ ኋላ፣ ወደ ጥግ ያለ ቤት ሄደ። መስኮቱ ሥር ቆምኩ። መጋረጃ ስላለው አይታይም፣ ይሰማል ግን።

በገና። የኔዋ ስንኝ! ምን ይዤ ልግባልህ! የሚደረድረው ግን እሱ አይደለም፣ ተማሪ ነው። ሁለቴ ይመታና ይስታል። ይቆማል። ከመጀመሪያው ይጀምራል፣ ደግሞ እዚያው ቦታ ላይ ይስታል። አንዲት ሴት "ይቅር፣ አይቸኩሉ፣ እንደገና" ትላለች። ሃያ ጊዜ። የኔ ጌታ፣ እንዲህ ያለ ደንቆሮ ተማሪ አይቼ አላውቅም። እኔ በሦስተኛው ቀን አልፌዋለሁ ያንን።

የታመመ ሰው በገና ተሸክሞ ሐኪም ቤት አይሄድም። ስለዚህ ሊያስተምር ነው የሚሄደው። "አይቸኩሉ" ስለተባለ ትልቅ ሰው ነው፣ ዶክተር ነው። ለዚያ ደንቆሮ ዶክተር አስሩንም ያሳየዋል፣ ለኔ ስድስት!

መጋቢት 10

ለግሩም ነገርኩት። ለጋሽ አየለም። ሌላ ለማንም አልነገርኩም። ለፀጉር ቆራጩ ብቻ።

መጋቢት 15

ሁለተኛውን ስንኝ ዛሬ አስጨረሰኝ። ሦስት ሰዓት ሙሉ፣ እንደሚያሳድዱት ሰው። ጣቴ ውኃ ቋጥሯል። "እንረፍ ጋሼ" ብለው አይሰማም። "አንተ ወጣት ነህ፣ ጊዜ አለህ" አለኝ። ጊዜ ካለኝ ለምን ታስቸኩለኛለህ?

አንድ ጊዜ ጣቴ ትክክል መታና ትክክል አረፈ። በገናው ጉልበቴ ውስጥ ገብቶ ነዘረኝ። ቀና ስል ዓይኑን ጨፍኗል። ፊቱ ላይ የነበረውን አልጽፍም። ሊያታልለኝ ይሆናል።

መጋቢት 21፣ እሁድ

ዛሬ ገብርኄር ነው። ቤተ ክርስቲያን ሰባኪው ስለ መክሊት ሰበኩ። ጌታው መክሊት የሰጠው አንዱ ባሪያ ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረው። "የተሰጠውን ለሌላ ያላካፈለ፣ የደበቀ፣ ወዮለት!" ሲሉ እማዬን በክርኔ ጎሸምኳት።

"ጋሽ ፍቅረማርያምን ነው" አልኳት።

"አንተ ልጅ፣ እግዜርን ፍራ" አለችኝ።

ምን ያስፈራኛል? ሰባኪው ናቸው ያሉት።

መጋቢት 25

ራሴ መላ ፈጠርኩ። እንዚራ የሚባል ነገር አለ፤ ጅማቱ ሥር የምትገባ ቁራጭ ቆዳ ናት፣ በገናን እንደ ንብ የምታስጮኸው እሷ ናት። እሱ ለስድስቱ ብቻ ነው ያደረገው። አራቱ ቆዳ ስለሌላቸው ነው ድምፅ የሌላቸው! እኔ ደግሞ የቆዳ ሰው ነኝ። ከበግ ቆዳ አራት ቆርጬ አስገባሁላቸው። አሁን አስሩም ይጮኻሉ። ማኅበሩ ላይ ጉድ አሳየዋለሁ።

መጋቢት 27፣ ቅዳሜ፣ ማታ

አሸነፍኩ። ልጻፈው፣ እንቅልፍም እምቢ ብሎኛል።

ቤቱ ሞልቶ ነበር፣ ሃያ ሰው ይሆናል። ጋሽ ፍቅረማርያምን እማዬ ራሷ ጠርታው ከእትዬ ወለተጻድቅ ጎን፣ ከላይ ተቀምጧል። እትዬ ወለተጻድቅ የማኅበሩ አንጋፋ ናቸው። ግሩም በር ላይ ቆሞ ስልኩን ደግኗል። አባ ጸሎት አድርሰው እንደወጡ በገናውን አንስቼ ተቀመጥኩ።

የመጀመሪያዋን ስንኝ በስድስቱ ደረደርኩ። እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ እያልኩ አይደለም። ማቆም አላውቅም እኔ። ሁለተኛውን በአስሩ ጀመርኩት።

ምን ልበልህ። ዝንብ የወረረው ቄራ ሆነ። ጣቴ ከመታ በኋላ የሚሄድበት ጠፋው። ያረፈበት ሁሉ ይጮኻል፣ ሲጮኽ እነሣለሁ፣ ሌላው ላይ እወድቃለሁ።

"ደጌ፣ ጄኔሬተሩን አጥፋው!" አለ ግሩም። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እትዬ ወለተጻድቅ ሳይቀሩ።

ጋሽ ፍቅረማርያም ግን አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ፣ ቀስ ብሎ፣ "ልጄ፣ ማረፊያህን ምን አደረግከው?" አለኝ።

ደሜ ፈላ። ተነሣሁ።

"እርስዎ ነዎት! አራቱን ደብቀውብኝ ነው! ለዘነበወርቁ ተማሪዎ ነው አይደል የሚያስተምሩት? ማክሰኞ ማክሰኞ የት እንደሚሄዱ የማላውቅ መሰልዎት? በዓይኔ አይቻለሁ! የሐኪም ቤቱን በር አልፈው፣ ዘበኛው በስምዎ እየጠራዎት፣ እስከ ኋለኛው ቤት! ግራ እጅዎንስ ለምን ነው ከጋቢ የማያወጡት? እንዳናይብዎት ነው!"

ሳቁ በቢላ የተቆረጠ ያህል ቆመ። እንዲህ ዓይነት ዝምታ እኔ በሕይወቴ አላመጣሁም። እትዬ ወለተጻድቅ የነጠላቸውን ጫፍ ከጋሽ ፍቅረማርያም ጋቢ ላይ ቀስ ብለው ሳቡ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይምል ነበር። እሱ "እውነቱን ነው፣ እሄዳለሁ" አለ። ይኸው ነው። አመነ!

ከዚያ ጽዋው መዞር ጀመረ። እኛ ማኅበር ጽዋ አንድ ነው፣ ሁሉም ከሱው እየጠጣ ላጠገቡ ያቀብላል። እትዬ ወለተጻድቅ ጠጡ። ጽዋውን እንደያዙ ትንሽ ቆዩ። ከዚያ እጃቸውን በጋሽ ፍቅረማርያም ፊት አሻግረው ወዲያ ለተቀመጠችው ሴት ሰጧት። ጽዋው ዘለለው። እማዬ ቆማ ታያለች፣ ምንም አላለችም።

በኔ ፈርደው ነው። ሌባ ጽዋ አይጠጣም።

እሱ ተነሣ። "እግዜር ይስጥልኝ ተሻለች፣ ከዓመት ዓመት ያድርስሽ" አላት እማዬን። ጫማውን ለማድረግ ብዙ ጊዜ ፈጀበት፣ ክሩን በግራ እጁ መያዝ አቅቶት። ማንም አላገዘውም። የበላበትን ሳህን አንዷ በሁለት ጣቷ ይዛ ለብቻው አስቀመጠችው።

እማዬ ለምን እንደምታለቅስ አልገባኝም። አደራደሬ አሳፍሯት ይሆናል።

መጋቢት 28

ማንቆርቆሪያው።

መጋቢት 28፣ ትንሽ ቆይቼ

እማዬ ሳህን እያጠበች፣ ፊቴን ሳታይ ነገረችኝ።

"ያን በር ታውቀዋለህ?"

"ሐኪም ቤት ነዋ።"

"ላንተ። ዛሬ ሁሉ ዓይነት ሰው ይታከምበታል። እኛ ልጅ ሆነን ግን ዘነበወርቅ ማለት አንድ በሽታ ብቻ ነበር። በዚያ ስናልፍ ትንፋሻችንን እንይዝ ነበር።" ስሙን አልጠራችውም። "ጣት የሚያደነዝዘው" ብቻ አለች። "እሳት ቢነካው የማይሰማው።"

ምድጃው ላይ ያለውን ማንቆርቆሪያ አየሁት።

"እትዬ ወለተጻድቅ ወዲያው ገባቸው። ሁላችንም ገባን። ያልገባህ አንተ ብቻ ነህ። የተናገርከው ግን አንተ ነህ።" ሳህኑን ደጋግማ አጠበችው፣ የነጣውን። "እኔም ዝም አልኩ። በገዛ ቤቴ እንግዳዬን ጽዋ ሲዘለው ዝም አልኩ።"

ሳህኑ ያው ለብቻው የተቀመጠው ነበር። ስትጨርስ ከሌሎቹ መሀል ከተተችው።

ሚያዝያ 1

ሜሪ ፋርማሲ ሄድኩ። ልትሰድበኝ ነው ብዬ ነበር፣ አልሰደበችኝም። ይሻል ነበር ብትሰድበኝ።

ጋሼ መድኃኒት ከጀመሩ ስድስተኛ ወራቸው ነው። ይድናል አለች፣ መድኃኒት የጀመረ ሰው ወደ ሌላ አያስተላልፍም፣ ሞኝ ነው የሚሸሸው። ዘግይተው ስለሄዱ ግን የሦስት ጣታቸው ስሜት አይመለስም። የቀረውም እንዳይሄድ ፈርተው ነው ለፋሲካ ሊያስጨርሱኝ የቸኮሉት።

"ዶክተሩስ?" አልኳት። "እዚያ የሚማረው?"

"የምን ዶክተር?"

"መስኮት ሥር ሆኜ ሰምቻለሁ። ሃያ ጊዜ የሚስተው።"

"ደግፌ፣ እሳቸው ናቸው" አለች። "ጣት የምታሠለጥናቸው ሴትዮ በገናዎን ይዘው ይምጡ ብላቸው ነው። መምታቱን ይመታሉ። ማረፉ ነው የጠፋባቸው። ጣታቸው ማረፊያው ላይ ይድረስ አይድረስ አይነግራቸውም።"

እኔ መስኮቱ ሥር ቆሜ ስቄ ነበር። ያንን አልጻፍኩትም። አሁን ጻፍኩት።

አሮጌው በገና ደግሞ የየኔታቸው ነው አለችኝ። እሷ ሁለት ዓመት ሙሉ አልነካችውም። ማንንም አስነክተው አያውቁም።

የመክሊቱን ነገር አላነሣም።

ሚያዝያ 2

ቤታቸው ሄድኩ። ተቆልፏል። አከራይዋ ክፍሉን በበረኪና ታጥባለች። "ልጆቻቸውን የሚልኩ ሁሉ ቀሩ" አለችኝ። "ዓለም ባንክ እህታቸው ኮንዶሚኒየም ገብተዋል።" ከዚያ "ያንተን አፍ ግን" አለችና ተወችው።

ግሩም "ቪዲዮውን ልልቀቀው?" አለኝ። አንቄ ስልኩን ተቀብዬ አጠፋሁት። ከዚያ ወዲህ አንነጋገርም።

ሚያዝያ 3

አራቱን ቆዳ አወጣኋቸው። ሁለት፣ አምስት፣ ሰባት፣ ዘጠኝ ዝም አሉ። ደረደርኩ። ጣቴ መታ፣ ሄደ፣ አረፈ። የመታሁት ጅማት ብቻውን ረጅም ጮኸ፣ ሌላው አላቋረጠውም። ለካ አልተደበቁብኝም። ፊቴ ነበሩ።

ጣቴ ስታርፍ ይሰማኛል። ይሄን ያህል ጊዜ ይሰማኝ ነበር፣ ልብ ብዬው አላውቅም።

ሚያዝያ 5፣ ሆሳዕና

ዓለም ባንክ፣ አራተኛ ፎቅ። በገናውን ተሸክሜ ወጣሁ። አንኳኳሁ።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ ጋሼ። ደግፌ።"

ቁልፉ አልተንቀሳቀሰም። ይቅርታ ልል ነበር፣ ደረጃውን ስወጣ አዘጋጅቼው ነበር፣ አፌ አልከፈት አለ። የኔ አፍ! ታዲያ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩና ደረደርኩ። የመጀመሪያዋን ስንኝ። ዘንባባ የያዙ ልጆች እያዩኝ አለፉ። ሁለተኛውን ጀመርኩ። መሀሉ ላይ ሳትኩ። መለስኩት፣ ሳትኩ። ሦስተኛ ጊዜ ስስት ከበሩ ወዲያ፣ በጣም ቅርብ፣ በሩን ተደግፈው እንደቆሙ ያህል፦

"ሰባት ላይ እረፍ።"

አረፍኩ። ወጣ።

በሩ ግን አልተከፈተም። እስኪመሽ ተቀመጥኩ።

ሚያዝያ 11፣ ቀዳም ሥዑር

ጋሼ፣

ይሄን ደብተር ለሜሪ ሰጥቼ ልኬልዎታለሁ። የተማርከውን ጻፍበት ብለው የሰጡኝ ነው። ያንብቡት። እሱ እያልኩ የጻፍኩትንም ያንብቡት። ልቀድደው ነበር፣ ተውኩት። ፊትዎ እርስዎ እያልኩ ከኋላ ምን እል እንደነበር ይወቁት።

ይቅርታ ማለት አልችልበትም። የምችለውን ልንገርዎት። ዛሬ ሥጋ ቤቱ ተከፍቷል፣ እስከ ነገ እርድ ላይ ነኝ። ቀጭን ቀጭኑን አንጀት ለይቼ አስቀምጣለሁ። አስሩንም ጅማት እኔ አከርራለሁ፣ እርስዎ ምንም አይነኩም፣ ማዘዝ ብቻ።

ሁለት ስንኝ ቀርቶኛል። ሦስተኛውና አራተኛው እርስዎ ጋ ብቻ ናቸው። እርስዎ በአፍዎ፣ እኔ በጣቴ። የእርስዎ ጣት የት እንዳረፈ አይነግርዎትም፣ የኔ ይነግረኛል፣ እኔ እነግርዎታለሁ። ተማሪዎችዎ ቀርተዋል፣ አውቃለሁ፣ በኔ ነው። ቤት ለቤት እየዞርኩ ውሸታሙ እኔ ነኝ ብያለሁ። ውሸት አይደለም አሉኝ። ስለዚህ ሌላ መላ አለኝ።

ሚያዝያ 27 ማኅበሩ እትዬ ወለተጻድቅ ቤት ነው። እማዬ ይዛዎት ትገባለች፣ ራሷ ናት ያለችው። እኔ ከእርስዎ ቀጥዬ እቀመጣለሁ። ጽዋው ከደረሰዎት ይጠጣሉ፣ እኔ ከጠጡበት እጠጣለሁ፣ ከኔ ቀጥላ እማዬ። ከዘለለዎት እኔንም እማዬንም ይዘለናል፣ ሦስታችን ተነሥተን እንወጣለን፣ ጫማዎን እኔ አስራለሁ።

ሜሪ ደጃፍዎ ላይ ቆማለች። ደብዳቤ አይጻፉልኝ፣ ነገ አይበሉኝ፣ አስብበታለሁ አይበሉኝ። ያስተምሩኛል ወይስ አያስተምሩኝም? አዎ ወይም አይ ይበሏት፣ አሁኑኑ!